የአዳኙ ክንድና የቀስቱ ልክ

እናቱ ጥጥ ስትነድፍ ያየ ሰው ደጋን ምን እንደ ሆነ ያውቃል። የታጠፈ እንጨትና ከጫፍ እስከ ጫፍ የተወጠረ ጅማት ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ቀስትም በመሠረቱ ይኸው ነው። ዳሩ ግን ጥጡ ቢበላሽ ዳግመኛ ይነደፋል፤ ፍላጻ አንድ ጊዜ ከአውታሩ ከወጣ ግን የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ሰውነቱ አነስ ያለ ሰው ትልቅ አውሬ ለማደን ሲነሣ ምን ዓይነት ቀስት መያዝ እንደሚገባው ዛሬ ከአንባቢዎቻችን ጋር ጥቂት ልንነጋገር አሰብን።

ነገሩን ያነሣሣን አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛችን ነው። ቁመቱ አጭር፥ ትከሻው ጠባብ ነው። በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ ሲማር፥ በየዓመቱ በሴፕቴምበር ወር ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን በቀስት ከሚያድኑ ሰዎች ጋር ተወዳጀ። ወንዱ ኤልክ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጓደኞቹ ሁሉ ባለ 60 ፓውንድ ቀስት ይዘው ስላየ፥ «ከዚያ ያነሰ ብይዝ ምን ይሉኛል?» ብሎ እሱም ባለ 60 ገዛ። 60 ፓውንድ ማለት 27 ኪሎ ያህል ነው፤ ቁጥሩም ቀስቱን ለመገተር የሚያስፈልገውን ኃይል ያመለክታል።

አውሬው በመጣ ጊዜ የጓደኛችን ክንድ ተንቀጠቀጠ፤ አውታሩን እስከ ጉንጩ ሳያደርስ ለቀቀው። ፍላጻው ወርቹን መትቶ ጥቂት ብቻ ገባ። አጋዘኑም እያነከሰ ከጫካው ውስጥ ተሰወረ። ጓደኛችን ሁለት ቀን ሙሉ የደሙን ፋና ተከትሎ ፈለገ፤ አላገኘውም። «ከዚያ ወዲህ ሌሊት ስነቃ የሚታየኝ ያ የሚያነክስ አውሬ ነው» ብሎ ሲነግረን ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

በኋላም ቀስት ወደሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ሄዶ ታሪኩን ቢያጫውታቸው፥ ስለ ቀስቱ ምንም ሳይሉ፥ «ልጄ፥ እስቲ ሁለት እጅህን ግራና ቀኝ ዘርጋ» አሉት። ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ቢለኩት 160 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ይህን ለሁለት ተኩል ሲያካፍሉት 64 ሳንቲ ሜትር፥ ማለትም 25 ኢንች ያህል ተገኘ። ጓደኛችን አውታሩን በትክክል ሊስብ የሚችለው እስከዚህ ድረስ ነው።

ይህ ልክ ብዙ ነገር ይወስናል። በተራ የእንጨት ቀስት ላይ የሚጻፈው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው አውታሩ 28 ኢንች ሲሳብ ነው። ክንዱ አጭር የሆነ ሰው በእያንዳንዱ ኢንች ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ያጣል። ስለዚህ 50 ተብሎ የተጻፈበት ቀስት በጓደኛችን እጅ 42 ገደማ ይሆናል። ከዚህም ሌላ አውታሩ ፍላጻውን የሚገፋበት መንገድ ስለሚያጥር የፍላጻው ኃይል ይቀንሳል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ከአቅም በላይ የከበደ ቀስት መያዝ አይደለም።

ሽማግሌው አንድ ቀላል ፈተና አሳዩት። ወንበር ላይ ተቀምጠህ ሁለት እግርህን ከመሬት አንሣ፤ ቀስቱን ወደ ሰማይ ሳታቀና በቀጥታ ገትር። መገተር ካቃተህ ወይም እጅህ ከተንቀጠቀጠ ቀስቱ ያንተ አይደለም። አቅምን ለመጨመር የሚፈልግ ሰው ከቀላሉ ጀምሮ ይለማመድ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

በዚህ በኩል አነስተኛ ሰውነት ያላቸውን እጅግ የረዳቸው ባለ መዘውሩ ቀስት ነው። ይህንን የሚዙሪው ሰው ሆሊስ አለን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ለፈጠራ መብት አመልክቶ በ1969 ተፈቀደለት። መዘውሮቹ ሲዞሩ በመጨረሻው ላይ ክብደቱ ይቀልላል። 45 ፓውንድ የሆነው ቀስት 80 በመቶ የሚያቀልል ከሆነ፥ አዳኙ እያነጣጠረ የሚይዘው 9 ፓውንድ ብቻ ነው። የመሳቢያውም ርዝመት እንደ ሰውየው ክንድ ይስተካከላል።

ሕጉም ዝቅተኛውን ልክ ወስኗል። በኮሎራዶ ለትልልቅ አውሬ 35 ፓውንድ ይበቃል፤ በአላስካ ግን ሙስ ለሚባለው ግዙፍ አጋዘን 50 ፓውንድ ያስፈልጋል። ስለዚህ አዳኙ ቀስቱን ከመግዛቱ በፊት የአገሩን ሕግ መጠየቅ ይገባዋል።

የቀስቱ ኃይል አነስተኛ ሲሆን የቀረውን ፍላጻው ይሞላል። ከበድ ያለ ፍላጻ ሥጋ ውስጥ ሲገባ ግስጋሴው ቶሎ አይገታም። ጫፉም ሁለት ስለት ብቻ ያለውና እንደ ምላጭ የተሳለ ቢሆን ይሻላል፤ ሲመታ የሚከፈተው ዓይነት ለመከፈት ብቻ ኃይል ያባክናልና። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ቅርበት ነው። አውሬው ጎኑን ሲሰጥ፥ ከ20 ሜትር በማይበልጥ ርቀት፥ ሳንባውን መምታት ይገባል።

ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። በ1911 በካሊፎርኒያ ከጫካ የወጣው የያሂ ሕዝብ ሰው ኢሺ፥ ሐኪሙን ሳክስተን ፖፕን ቀስት ያስተማረው ነው። አጋዘን ያድንበት የነበረው ቀስት ከ40 እስከ 50 ፓውንድ ብቻ ነበር። ኃይሉ በትዕግሥቱና ተደብቆ በመጠጋቱ ላይ ነበር።

ጓደኛችን ባለ 45 ፓውንዱን ባለ መዘውር ቀስት ይዞ በተከታዩ ዓመት ወጣ። አንድ ኤልክ እስከ 30 እርምጃ ቀረበው፤ ፊት ለፊት ስለ ቆመ ግን ሳይለቅበት አሳለፈው። ከዚያ በኋላ በነበረው ዓመት ሌላው በ15 እርምጃ ጎኑን ሰጠው። ፍላጻው ሁለቱን ሳንባ በስቶ አለፈ፤ አውሬውም መቶ እርምጃ ሳይሄድ ወደቀ።

«ከሁለቱ የትኛው ያኮራሃል?» ብለን ብንጠይቀው፥ «ያለፈው» ሲል መለሰልን።

ትምህርታችንን ጨርሰን ወደ ሥራ የገባን ወጣቶች ብዙ ጊዜ ጎረቤታችን የያዘውን እያየን ከአቅማችን በላይ እንገትራለን። ይሉኝታችን የሚጎዳው እኛን ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር፤ ቁስሉ ግን ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በሌላው ላይ ነው። እንግዲህ ቀስቱን ከመምረጣችን በፊት ክንዳችንን እንለካ።