ስያሜ ሲስት መልስ ይስታል፦ ለተማሪዎች የሚዘጋጁ የሳይንስ ጥያቄዎችን ስለ መተርጎም

ለተማሪዎች የዕውቀት ውድድር የሚዘጋጁ አጫጭር ጥያቄዎች ከትርጉም ሥራ ሁሉ የቀለሉ መስለው ይታያሉ። ጥያቄው ከአንድ መስመር አይበልጥም፤ መልሱም ብዙውን ጊዜ አንድ ቃል ወይም አንድ ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ በረዥም ድርሰት ውስጥ የላላ ስያሜ ቢገባ በዙሪያው ያለው ሐተታ ደግፎ ያቆመዋል፤ በአጭር ጥያቄ ውስጥ ግን ስያሜው ደጋፊ የለውም። እርሱ ከሳተ ትክክለኛው መልስ ስሕተት፣ ስሕተቱም ትክክል ሆኖ ይገኛል። ይህንኑ ለማስረዳት ከሕዋ ሳይንስ፣ ከሕክምናና ከመጫወቻ ጡቦች የተወሰዱ ጥቂት ምሳሌዎችን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ሀ. ጠፈርና ሕዋ

ጠፈር በግእዝ ጣሪያን፣ እንዲሁም ከምድር በላይ እንደ ጣሪያ ተዘርግቶ የሚታየውን ሰማይ የሚያመለክት ቃል ነው። ጣሪያን ይጠራ የነበረው ቃል ዛሬ ጣሪያ ለሌለው ስፍራ መጠሪያ ሆኗል። ተማሪው በአንድ መጽሐፍ ጠፈርን በጥንቱ፣ በሌላው ደግሞ በአዲሱ ፍች ስለሚያገኘው፣ ከምድር አየር ውጭ ላለው ስፍራ «ሕዋ» የሚለው ቢመደብ ይሻላል እንላለን። «ጠፈርተኛ» የሚለው ግን ሊነካ አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ1961 ምድርን የዞረው ዩሪ ጋጋሪን በአማርኛ የመጀመሪያው ጠፈርተኛ ተብሎ ይታወቃል፤ ሕዝብ ተቀብሎ ያጸደቀውን ስም የቃሉን ሥር ምክንያት አድርጎ መሻር ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ለ. የብርሃን ዓመት

በአማርኛ ሰዋስው የሐረግ ባለቤት መጨረሻ ላይ የሚገኘው ስም ነው። ስለዚህ «የብርሃን ዓመት» የሚለውን ያነበበ ተማሪ ነገሩን ከዓመት ወገን ቢቈጥረው አይፈረድበትም። ስያሜው የሚገልጸው ግን ጊዜን ሳይሆን ርቀትን ነው፤ ይኸውም ብርሃን በባዶ ስፍራ በአንድ ዓመት የሚጓዘው 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የችግሩ መፍትሔ በራሱ በቋንቋው ውስጥ ይገኛል። ገበሬውና ነጋዴው «የሦስት ቀን መንገድ» ሲሉ ርቀትን በጊዜ መለካታቸው እንደ ሆነ ማንም አይስተውም። በዚሁ ፈሊጥ «የብርሃን ዓመት መንገድ» ብንል ባለቤቱ መንገድ ይሆናል፤ ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የምትቀርበው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ 4.24 የብርሃን ዓመት መንገድ ትርቃለች ማለትም ለማንም ግልጽ ነው።

ሐ. መጠነ ቁስና ክብደት

«በምድር 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በጨረቃ ላይ ስንት ይመዝናል?» የሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ አለው። የጨረቃ ስበት ከምድር ስበት አንድ ስድስተኛ ያህል ስለ ሆነ፣ በምድር ላይ የተስተካከለ የሞላ ሚዛን ወደ 10 ኪሎ ያሳያል፤ ከሌላ ክብደት ጋር እያስተያየ የሚመዝን ባለ ሁለት ሳሕን ሚዛን ግን እዚያም 60 ይላል። መጠነ ቁሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ክብደቱ ነው። በገበያ ሁለቱን አንድ አድርጎ መጥራት ነውር የለውም፤ በጥያቄ ወረቀት ላይ ግን መለየታቸው ግድ ነው።

መ. ክትባትና ፀረ ተሕዋስያን

በአውሮፓ ቋንቋዎች «ቫክሲን» የሚባለው ስም ላም ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ምክንያቱም ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. በ1796 ፈንጣጣን ለመከላከል የተጠቀመው ከላም ፈንጣጣ ቁስል በተወሰደ ፈሳሽ ነበር። አማርኛው ግን ስሙን ያወጣው ከድርጊቱ ነው። ከተበ በግእዝ ጻፈ ማለት ሲሆን፣ ክታብም ከዚሁ ሥር ይወጣል፤ «ክትባት» ቆዳን መጫርን ከጽሕፈት ጋር ያዛመደ ስያሜ ይመስላል። የፖሊዮ መከላከያ በአፍ በጠብታ ሲሰጥም ክትባት መባሉን አልተወም፤ ይህም የስያሜውን ጥንካሬ ያሳያል።

«ፀረ ተሕዋስያን» የሚለው ግን አደጋ አለበት። ተሕዋስያን ባክቴሪያንም ቫይረስንም ፈንገስንም የሚያጠቃልል ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ያገኘው ፔኒሲሊንና መሰሎቹ ግን የሚያጠቁት ባክቴሪያን ብቻ ነው። በሰፊው ስም የተማረ ልጅ፣ በቫይረስ የሚመጣውን ጉንፋን በእነዚህ መድኃኒቶች ለማዳን ቢሞክር ስያሜው አሳስቶታል ማለት ነው። መድኃኒቱ ያለ አግባብ በተወሰደ ቍጥር እርሱን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች እየበረከቱ ይሄዳሉ። ስለዚህ ለእነዚህ መድኃኒቶች «ፀረ ባክቴሪያ» የሚለውን መጠቀም፣ «ፀረ ተሕዋስያን»ንም ለጠቅላላው ወገን ማስቀረት ይገባል።

ሠ. የመጫወቻ ጡብ

ሌጎ የዴንማርክ ድርጅት ስም ሲሆን «በደንብ ተጫወት» ከሚሉ ሁለት የዴንማርክ ቃላት የተውጣጣ ነው። የንግድ ስም በመሆኑ ዕቃውን በጠቅላላው ስንጠራ «ተገጣጣሚ የመጫወቻ ጡብ»፣ ከላዩ የሚታዩትን ክብ እብጠቶችም «ጉጥ» ብንል የሚበቃ ይመስለናል።

ትልቁ ችግር የሚገኘው ከስሙ ይልቅ በግሱ ላይ ነው። ባለ ስምንት ጉጥና አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ስድስት ጡቦች በስንት ልዩ ልዩ መንገድ ሊገጠሙ ይችላሉ? ለብዙ ዘመን የተሰጠው መልስ ወደ 103 ሚሊዮን የሚጠጋ ነበር። ይህ ግን ጡቦቹ አንድ በአንድ ተደራርበው ስድስት ደርብ የሚሠሩበትን ብቻ የቈጠረ ነው። በማንኛውም አኳኋን የሚገጣጠሙበት ሲቈጠር 915,103,765 ይሆናል። እንግዲህ «ቢደራረቡ» እና «ቢገጣጠሙ» በሚሉት ሁለት ግሶች መካከል ከ800 ሚሊዮን በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው። ግሱን እንደ ዘበት የመረጠ ተርጓሚ፣ በትክክል ያሰላውን ተማሪ ነጥብ ያሳጣዋል።

ከላይ ከተዘረዘሩት ምሳሌዎች አንድ የአሠራር ደንብ ይወጣል። ተርጓሚው ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ዋናውን ጽሑፍ ወደ ጎን አድርጎ፣ አማርኛውን ብቻ በማንበብ ለጥያቄው መልስ ይስጥ። ከመልሱ መዝገብ ጋር ከተስማማ ስያሜው ጸንቷል። ከአንድ በላይ መልስ ካገኘ ግን ጥፋቱን በተማሪው ላይ ሳይሆን በቃሉ ላይ ይፈልግ።