የመሬት መዝገብና የባለይዞታ ሴቶች ስም

በጎንደርና በዙሪያው በሚገኙ አድባራት፣ በ18ኛው መቶ ዓመት በተጻፉ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ፣ የመሬት ሽያጭና የርስት ውል ተጽፎ ይገኛል። ሻጩ እገሌ፣ ገዢው እገሌ፣ ዋጋው ይህን ያህል ወቄት ወርቅ፣ ምስክሮቹም እነእገሌ እያለ የሚዘረዝር ነው። እነዚህን ጽሑፎች የመረመሩ የታሪክ ሊቃውንት፣ ከእነርሱም አንዱ ዶናልድ ክረሚ፣ በሻጭነትና በገዢነት፣ እንዲሁም በሙግት ተከራካሪነት የተጻፉት ሴቶች ጥቂት እንዳልሆኑ አሳይተዋል። ነገሩ የሚያስደንቅ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ርስት በአባትም በእናትም በኩል የሚወረስ ስለ ነበረ፣ ጸሐፊው የሴቲቱን ስም ቢተው ነገ ከልጆቿ ከሚነሣው ክርክር አያመልጥም ነበር። የደብሩ ጸሐፊ የሴቶችን መብት ለማስፋፋት አስቦ አልጻፈም፤ የጻፈው መዝገቡ እውነት እንዲሆን ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው መዝገብ አሳቡ ሌላ ነበር። ከ19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ጀምሮ በደቡብ አገሮች መሬት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ሲመደብ፣ በ1934ና በ1937 ዓ.ም. የወጡት የመሬት ግብር ዐዋጆችም መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብለው ሲከፍሉ፣ ዋናው ጥያቄ ግብሩን የሚከፍል ማን ነው የሚል ነበር። ለዚህ ጥያቄ ከአንድ ቤት አንድ ስም ይበቃል፤ ያም ስም በአመዛኙ የአባወራው ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው ዐዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ባደረገ ጊዜም፣ የገበሬዎች ማኅበራት መሬቱን ያደላደሉት በቤተ ሰብ ስለ ሆነ፣ ያገባች ሴት ድርሻዋን የምታገኘው በባሏ ስም ውስጥ ነበር። ባል ሲሞት ወይም ጋብቻው ሲፈርስ ግን፣ መሬቱ የማን እንደ ሆነ የሚናገር ወረቀት አይገኝም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍና በማስተዳደር ረገድ ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ሕጉ ግን በየማሳው ደርሶ ሊሠራ የቻለው የይዞታ ምዝገባ ከተጀመረ በኋላ ነው። ትግራይ በ1990 ዓ.ም. ጀመረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አማራ፣ ኦሮሚያና በዚያን ጊዜ የደቡብ ክልል ይባል የነበረው ተከተሉ።

የአሠራሩ ቀላልነት ሊመረመር የሚገባው ነው። በየቀበሌው ሕዝቡ የመረጠው የመሬት ኮሚቴ ከማሳ ወደ ማሳ ይሄዳል። ባለይዞታው ይቆማል፤ በአራቱ ማዕዘን የሚያዋስኑትም ጎረቤቶች ይቆማሉ። ስፋቱ በገመድ ወይም በእርምጃ ይለካል፤ አዋሳኞቹ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ እየተባሉ ይጻፋሉ። ካርታ የለም፤ ምስክሩ ጎረቤት ነው። ክርክር ያለበት ማሳ ሽማግሌ ይታይለታል፤ ያልተስማማ ወደ ዳኛ ይሄዳል። የቀረው ወደ ወረዳው መዝገብ ይተላለፋል፤ ለባለይዞታውም የማረጋገጫ ደብተር ይሰጠዋል። በዚህ ዓይነት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮን የሚደርስ ማሳ ተመዘገበ፤ ለአንዱ ማሳ የወጣውም ወጪ 1 የአሜሪካ ዶላር ገደማ እንደ ነበረ ሥራውን ያጠኑት ሰዎች ገምተዋል። በዚህ ሒሳብ ይህን ያህል የሠራ የመሬት ምዝገባ በአፍሪካ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ልዩነቱ የታየው በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነው። በትግራይ የተሰጠው ወረቀት የቤቱን አለቃ ስም ብቻ የያዘ ነበር። በአማራና በደቡብ ግን ለባልም ለሚስትም ስም፣ ለሁለቱም ፎቶግራፍ ቦታ ተደረገ። ለደብተር ተብሎ ፎቶግራፍ መነሣት በገጠር ወጪም ድካምም ስለ ሆነ፣ መጀመሪያ ያጉረመረሙ ነበሩ። ነገር ግን ጥቅሙ ከስሙ ይልቅ በፎቶግራፉ ዘንድ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ስምን ማንበብ የማይችል ሰው ፊትን ያነባልና። መሬቱን ሊያከራይ የመጣ ባል ብቻውን ሲቀርብ፣ ጸሐፊው ገጹን ገልጦ ሁለተኛዋ ወዴት አለች ብሎ ለመጠየቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ውጤቱስ ምን ሆነ? በሬ የሌላት ባል የሞተባት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ መስጠቷ የታወቀ ነው። ወረቀት ሳይኖራት በፊት ለባዳ ብትሰጥ መሬቱ ይወሰድብኛል ብላ ስለምትፈራ፣ ሰነፍም ቢሆን ለባሏ ወንድም ወይም ለዘመድ ትሰጥ ነበር፤ ምርቱም በዚያው ልክ ያንሳል። በትግራይ የተደረገና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 የታተመ ጥናት፣ የይዞታ ወረቀት ያገኙ እማወራዎች መሬታቸውን በኪራይ መስጠትን ከቀድሞው ይልቅ እንደ ደፈሩ አረጋግጧል። የሚደነቀውም፣ ወረቀቱ የሚስትን ስም ባልያዘበት አገር እንኳ፣ ቤቷን ራሷ ለምትመራ ሴት ይህን ያህል መጥቀሙ ነው። የመሬት ኪራይ ገበያ የሚቆመው እንግዲህ በመተማመን ላይ ሲሆን፣ መተማመንን የሰጠው መዝገብ ነው።

ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝ መንግሥት ርዳታ ጭምር ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ተከናውኗል፤ ይህም ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ የማሳውን ድንበር በማስመር፣ ለእያንዳንዱ ማሳ ቍጥር በመስጠትና በኮምፒዩተር በማስቀመጥ የሚሠራ ነው። መሣሪያው እጅግ ያማረ ነው። ሆኖም ከመሣሪያው ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ድካም አለ፤ እርሱም የመዝገቡ አለመታደስ ነው። ሰው ይሞታል፣ ይጋባል፣ ይፋታል፣ ለልጁ ያወርሳል፤ ደብተሩ ግን የዛሬ 15 ዓመት የተጻፈውን ይዞ ይቀመጣል። ያልታደሰ መዝገብ ነቀዝ እንደ ገባበት ጎተራ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል። ከዚህም የሚጎዱት አስቀድመው ሴቶች ናቸው። ከፍቺ በኋላ ሌላ ያገባ ሰው ደብተር ላይ የቀድሞዋ ሚስት ፎቶግራፍ ሲኖር አዲሲቱ የለችም፤ ከአንድ በላይ ሚስት በሚገባበት አገርም ሁለተኛይቱን በየትኛው ገጽ እንጻፋት የሚለው ጥያቄ ብዙ ኮሚቴ አስቸግሯል።

በዚህ ነገር የሩዋንዳ ሥራ ትምህርት ይሆናል። ሩዋንዳ በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣችው ሕግ ለሴቶች ልጆች የመውረስን መብት ሰጠች፤ ከዚያም ከ2009 እስከ 2013 ባለው ጊዜ በመላው አገር ከ10 ሚሊዮን በላይ ማሳ መዘገበች። ምዝገባው በሙከራ ቦታዎች በተጠና ጊዜ ሁለት ነገር በአንድነት ታየ። በሕግ የተጋቡት ሴቶች መብታቸው ጸና። በሕግ ፊት ያልተጋቡት፣ ነገር ግን ከባሎቻቸው ጋር በአንድ ቤት የኖሩት፣ ከምዝገባው በፊት ከነበራቸው እንኳ አነሰባቸው። መዝጋቢው ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ የመሬቱ መዝገብ የጋብቻን መዝገብ ስለሚጠይቅና ያ ሁለተኛው መዝገብ ስላልነበረ ነው።

በኢትዮጵያም የዚህ ነገር አምሳያ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል የተፈጸመውን ጋብቻ ሁሉ ይቀበላል፤ ሆኖም ሁሉም እንዲመዘገብ ያዝዛል። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በ2004 ዓ.ም. በወጣ ዐዋጅ ተደንግጎ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በአገሩ ሁሉ ሥራ ጀመረ። እንግዲህ በቁርባን ወይም በሽማግሌ የተጋቡ ባልና ሚስት ስማቸውን ሳያስጽፉ ቢቀሩ፣ ጋብቻቸው በጎረቤት ዘንድ የታወቀ ቢሆንም በመሬት ክርክር ጊዜ ምስክር ማቆም ይኖርባቸዋል።

ስለ ሴቶች ሥራ የሚነገረውም ቍጥር መመርመር ያሻዋል። የአፍሪካ ሴቶች ከእርሻው ሥራ ከመቶ 60 እስከ 80 ይሠራሉ የሚለው ቃል ለብዙ ዘመን በየስብሰባው ሲነገር ኖሯል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 የታተመ ጥናት፣ በስድስት አገሮች ውስጥ በየማሳው ማን ስንት ሰዓት እንደ ሠራ ተጠይቆ የተጻፈውን ሲደምር፣ የሴቶች ድርሻ በአማካይ ከመቶ 40 ሆነ። ዩጋንዳ 56፣ ኒጀር 24፣ ኢትዮጵያ 29 ነው። ይህ ቍጥር ሴቶች ሰነፎች ናቸው ለሚል ሰው መከራከሪያ አይሆነውም፤ የተቈጠረው የማሳ ሥራ ብቻ ነውና፣ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ እህል ማስፈጨት፣ ልጅ ማሳደግ በዚያ የለበትም። የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው፤ አንዱ አገር ለሌላው ምሳሌ ሆኖ እንደማይቆጠር፣ ለዩጋንዳ የተዘጋጀ አሳብም ለጎጃም እንደ መጣ እንደማይሠራ ነው። በኢትዮጵያ ራሷ እንዲሁ በማሳ በማሳ የተሰበሰበው ቍጥር፣ ሴቶች የሚመሩት ማሳ በሄክታር የሚሰጠው ምርት ወንዶች ከሚመሩት በመቶ 23 ገደማ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል፤ ከምክንያቶቹም ማዳበሪያና የግብርና ሠራተኛ ምክር በበቂ አለመድረሳቸው ይገኙበታል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የሚጎበኛቸውን አባወራዎች ስም ብቻ የያዘ ዝርዝር ቢሰጠው፣ እማወራዋን የሚያልፋት በክፋት ሳይሆን በዝርዝሩ ምክንያት ነው።

በንግድም ዘንድ እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ የእለቱ ዋጋ በከተሞች በተተከለ ሰሌዳና በስልክ እንዲታወቅ አድርጓል፤ የቡናና የሰሊጥ አምራችም ደላላው ከነገረው ሌላ የሚያመዛዝንበት ዋጋ አገኘ። በጉልት በጣሳ የምትሸጠው ሴት ግን ሽያጯ በየትም አይጻፍም። ዩጋንዳ ከ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በየኬላው ሰው አቁማ፣ በእግርና በብስክሌት የሚሻገረውን፣ በጉምሩክ ያልተጻፈውን ሸቀጥ ስታስቈጥር ቆይታለች፤ በሞያሌና በመተማ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ይህን አሠራር ቢመለከቱት ይጠቅማቸዋል።

የሕዝብ ቈጠራ በኢትዮጵያ በ1976፣ በ1987ና በ1999 ዓ.ም. ተደርጓል፤ አራተኛው ደግሞ በተያዘለት ጊዜ ሳይደረግ ተላልፏል። ወረዳው ግን እርሱን እየጠበቀ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። በእጁ ያሉት ሁለት መዝገቦች፣ የክብር መዝገቡና የመሬቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ክፍል ውስጥ በሁለት ጸሐፊ ዘንድ ይቀመጣሉ። የቀበሌው መዝጋቢ የሞት ወይም የፍቺ ወረቀት በሰጠ ሳምንት፣ ስሙንና የማሳውን ቍጥር ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ እንዲያስታውቅ ማዘዝ አዲስ በጀት አይጠይቅም። የመሬት ጸሐፊውም ደብዳቤው በደረሰው ጊዜ ሚስቲቱንና ወራሾቹን አስጠርቶ፣ ሐዘኑ ሳይረሳና ምስክሮቹ ሳይሞቱ ገጹን ያድሳል።