የቃል ጽሕፈት በሌላ መልኩ

የ9ኛ ክፍል ተማሪ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ እንዲከታተል ይጠበቅበታል። መምህሩ ሲናገር ጆሮው ካልያዘለት የሚጎዳው በአንድ ትምህርት ብቻ አይደለም። ስለዚህ የተለመደውን የቃል ጽሕፈት ለወጥ አድርገን ብንሠራበት እንላለን። ዘዴውን ሩት ዋይንሪብ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው አብራርተውታል።

መምህሩ ከባዮሎጂ መጽሐፍ ስለ ፎቶሲንተሲስ አራት ወይም አምስት ዐረፍተ ነገሮች ይመርጣል። መጀመሪያ በተለመደው የንግግር ፍጥነት ያነባል፤ ብዕር የሚያነሳ አይኖርም። ሲደግመው ተማሪዎቹ ዋና ዋና ቃላትን ብቻ ይጽፋሉ። ቃል በቃል እያንጠባጠቡ ማጻፍ ከጆሮ ይልቅ እጅን ማሠልጠን ነው። ከዚያም በአንድ ዴስክ የተቀመጡት ሦስቱ ተመካክረው አንቀጹን መልሰው ይጽፋሉ። (ስልሳ ተማሪ ላለበት ክፍል የሚታረመው ሃያ ወረቀት ይሆናል፤ ይህም ቀላል እፎይታ አይደለም።)

ብዙ የሚገኘው ግን የአንዱ ቡድን ጽሑፍ በሰሌዳ ላይ ከመጽሐፉ ጋር ሲነጻጸር ነው። አማርኛ «ቅጠሉ» ብሎ በቃሉ መጨረሻ የሚያሳየውን እንግሊዝኛ «ዘ» በማለት ከፊት ያስቀድመዋል። በንግግር ስለማይጎላም ጆሮ ያልፈዋል። የተዘለሉትን ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስምሩባቸው፤ ስለ ምክንያቱ በአማርኛ ቢከራከሩም አንከልክላቸው።