ኮከቡ ተቆጠረ፣ ሰውየው ግን የት አለ?

በብስራተ ገብርኤል፣ ወደ ሳር ቤት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በመብራት ምሰሶዎች ላይ «አፋልጉኝ» የሚል ወረቀት አይጠፋም። ፎቶው አብዛኛውን ጊዜ ከመታወቂያ ላይ ተነሥቶ የተለጠጠ ነው፤ ፊቱ ደብዝዟል። ከሥሩ ከቤት ሲወጣ የለበሰው ሹራብ ቀለም፣ «አእምሮውን ትንሽ ያመዋል» የሚል ቃል፣ ሁለት ስልክ ቁጥር፣ «ያለበትን ለጠቆመን ወሮታውን እንከፍላለን»። ዝናብ ሲመታው ቀለሙ ይወርዳል፤ ቤተሰብ ደግሞ አዲስ ይለጥፋል። ወር በገባ በ19 ለገብርኤል የሚመጣው ሰው ብዙ ነውና ከዚያ ሁሉ ዓይን መካከል አንዱ ያውቀው ይሆናል የሚል ተስፋ አለ።

ወረቀቱ የማይናገረው ግን ቤተሰቡ በዚያው ሰሞን በሹክሹክታ የሚያንኳኳውን ሌላ ደጅ ነው። «ዐዋቂ ነው፣ ኮከቡን አስቆጥሪለት» ትላለች ጎረቤት። ኮከብ ቆጣሪው የሚጠይቀው የጠፋውን ሰው ስምና የእናቱን ስም ነው። ፊደላቱ በዐውደ ነገሥት ሥርዓት ወደ ቁጥር ይለወጣሉ፤ ይደመራሉ፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ የተረፈው ቁጥር ኮከቡን ያሳያል። አንድ ከተረፈ ሐመል፣ ሁለት ከተረፈ ሠውር እያለ እስከ ሑት ይዘልቃል። ከዚያ ፍቺው ይነገራል፦ በሕይወት አለ፣ በምሥራቅ በኩል ነው፣ ውሃ ባለበት አካባቢ ነው፣ አንዲት ሴት እጇ አለበት።

ስሌቱን ረጋ ብሎ ላጤነው ሰው አንድ ነገር ግልጽ ይሆንለታል። ስምና የእናት ስም አይለወጡም። ሰውየው ትናንት ከቤቱ ቁርሱን ሲበላም፣ ዛሬ ደብዛው ሲጠፋም ድምሩ ያው ነው። የጠፋበት ዕለት ቢደመርበት እንኳ በዚያ ቀን ለጠፉ፣ በራሳቸውም በእናታቸውም ስም ሞክሼዎቹ ለሆኑ ሁሉ መልሱ አንድ ይሆናል። ታዲያ ምሥራቁና ውሃው ከየት መጡ? እናት እያለቀሰች ከተናገረችው ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ ወንዝ ወይም ፈፋ የማያዋስነው ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። «ሴት እጇ አለበት» የሚለው ቃል ግን ጉዳቱ እዚያው አይቀርም፤ ምራት፣ ሠራተኛ ወይም ጎረቤት ላይ ያርፋል። ከዚያ ቀን በኋላ ያቺ ሴት የምታውቀውን አትናገርም።

አገራችን ይህን ፈተና ድሮም አይታዋለች። ሌባሻይ በሚባለው ሥርዓት ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ዕፅ የተቀላቀለበት መጠጥ ይሰጠውና ራሱን ሲስት ወገቡ በገመድ ታስሮ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ከገባበት ቤት ሲወድቅ፣ የቤቱ ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳ ከፋይ ይሆናል። ገመዱን የያዘው ሰው ጠላት ካለው ልጁ ወዴት እንደሚሳብ መገመት አያቅትም። በራስ ተፈሪ ዘመን መከልከሉ ትልቅ ፍርድ ነበር። ከሌባሻይ ጎን ግን አውጫጭኝ ነበር፤ የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ ያየም የሰማም እስኪናገር የሚቆይበት። አውጫጭኝም ግፍ አላጣውም፤ ቢሆንም የሚጠይቀው ሰውን እንጂ ኮከብን አልነበረም።

የጠፋ ሰው እንዴት እንደሚገኝ የሚያሳይ ታሪክም ቅርብ አለ። ከብስራተ ገብርኤል ብዙ ሳይርቅ፣ በዚያው ክፍለ ከተማ፣ ጎፋ ገብርኤል ይገኛል። የኢትዮጵያ ሁለተኛው ፓትርያርክ የአቡነ ቴዎፍሎስ አጽም እዚያ ዐርፏል። ደርግ በ1968 ከመንበራቸው አወረዳቸው፤ በ1971 ተገደሉ። ለ13 ዓመታት የት እንደደረሱ የሚናገር መንግሥት አልነበረም። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ሐምሌ 21 ቀን 1971 ከመንገድ ታፍነው ተወሰዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ወደ እስር ቤት ተጣሉ። ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984፣ የአቡነ ቴዎፍሎስም የቄስ ጉዲናም አጽም በልዑል ራስ አስራተ ካሣ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ። በዚያው ዓመት የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አጽም ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ተገኘ። የጠፉትን ያስገኘው የተፈታ አፍና የተነሣ አካፋ ነው። በኋላም የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን መጥቶ ለልዩ ዐቃቤ ሕግ የቀይ ሽብር መቃብሮችን ሲከፍት፣ ጥርስና አጥንት፣ ልብስና ገመድ ማስረጃ ሆኑ።

አፍ ያልተፈታለት ደግሞ አለ። «ኦሮማይ»ን የጻፈው በዓሉ ግርማ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ቮልስዋገኑ ተገኘች፤ እሱ አልተገኘም። ስለ መጨረሻ ሌሊቱ ብዙ ተወርቷል፤ የሚያውቀው ሰው ግን ለቤተሰቡ አልነገረም። ይህ ዝምታ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የሐሰት መልስ ምን እንደሚያደርግ ለማየት አሜሪካ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። አማንዳ ቤሪ የተባለች የክሊቭላንድ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2003 ጠፋች። በቀጣዩ ዓመት ሲልቪያ ብራውን የተባለች ዝነኛ «ዐዋቂ» በቴሌቪዥን ቀርባ ለእናትየው ልጅሽ ሞታለች አለቻት። እናት በ2006 ዐረፈች። በ2013 አማንዳ ከታገተችበት ቤት በር ሰብራ ወጣች፤ ቤቱ እዚያው ከተማ ውስጥ ነበር።

የወንጀል ሕጋችን በኮከብ ቆጠራና በመሰል መንገድ የሰውን የዋህነት መጠቀሚያ ማድረግን ያስቀጣል፤ ቤተ ክርስቲያንም ታወግዛለች። ደጁ ግን አልተዘጋም። ምክንያቱም ኮከብ ቆጣሪው እናትየዋን አስቀምጦ አንድ ሰዓት ያዳምጣታል፤ በየቢሮው የምትሰማው ግን «ሲገኝ እንደውላለን» ነው። እሷን እንደ ሞኝ የሚቆጥር ሁሉ ለሁለት ወር መልስ ሳያገኝ ልጁን ይጠብቅ።

ያ የአንድ ሰዓት ማዳመጥ በፖሊስ መርማሪ ጠረጴዛ ላይ መሆን አለበት፦ ማን መጨረሻ እንዳየው፣ ስልኩ መጨረሻ የት እንደሠራ፣ የትኛው ታክሲ ውስጥ እንደገባ። ማንነታቸው ያልታወቀ ሕሙማንና አስከሬኖች ዝርዝር ቤተሰብ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሳይንከራተት በአንድ ቦታ ሊያየው ይገባል። በስደት ወይም በጦርነት ለተለያዩ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቤተሰብን የማፈላለግና የማገናኘት አገልግሎት አለው፤ ያለ ክፍያ ነው። ለኮከብ ቆጣሪ ብር ከመቁጠር በፊት እዚያ መሄድ ይቻላል። በሰፈሩም ያየ ሰው፣ ነገር ይመጣብኛል ብሎ ከመሸሽ፣ ወረቀቱ ላይ ወዳለው ቁጥር ይደውል።