ከገሰራ ወደ ከተማ፦ ስለ መሄድና መቅረት የሚባለውና እውነታው

በባሌዋ ገሰራ የመኸሩ ስንዴ በኮምባይነር ታጭዶ ጆንያው ወደ ሮቤ መጫን ሲጀምር አንድ ጥያቄ በየቤቱ ይነሳል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት ያልመጣለት ልጅ፣ ተመርቃ ሥራ ስትጠብቅ የከረመች ልጅ፣ ከአባቱ ማሳ የሚደርሰው ቁራሽ ጎጆ እንደማያወጣው ያወቀ ወጣት፣ ሁሉም "ልሂድ ወይስ ልቅር?" ይላሉ። አጨዳውን ማሽን ከያዘው ወዲህ በቀን ሠራተኝነት ይገኝ የነበረው ገቢም ስለቀነሰ ጥያቄው እየበረታ ሄዷል።

ምክሩ ከሁለት ወገን ይመጣል። አንዱ "አዲስ አበባ ገብቶ ሥራ ያጣ የለም" ይላል፤ ሌላው "ከተማ የበላው ልጅ ለወላጅ አይሆንም" ይላል። ሁለቱም ከሚያውቁት አንድ ሰው ታሪክ ተነስተው ለሁሉም ይፈርዳሉ። መሄድ ግን ለሁሉም እኩል አይበጅም፤ ሁሉንም እኩል አይጎዳም። ልዩነቱን የሚያመጣው የሚሄደው ሰው ምን ይዞ እንደሄደ፣ ምን አስተካክሎ እንደተወና ካልሆነለት ሳይሸማቀቅ መመለስ መቻሉ ነው። በየሰፈሩ የሚባለውን ከእውነታው ጋር አንድ በአንድ እናስተያየው።

ተረት 1፦ "አዲስ አበባ ሥራ ሞልቷል፤ ዋናው መድረስ ነው"

እውነታው፦ ሥራ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ሥራው ላይ መቆየት ሌላ ነው። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ውስጥ ሥራ ያመለከቱ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለው ነበር። ከአመልካቾቹ ከፊሎቹ በዕጣ የፋብሪካ ወይም የእርሻ ድርጅት ሥራ ተሰጣቸው። ሥራ ካገኙት ከሦስቱ አንዱ በመጀመሪያው ወር ለቀቀ፤ ዓመት ሳይሞላ የለቀቁት 77 በመቶ ደረሱ። ገቢያቸውም ዕጣው ካልወጣላቸውና በራሳቸው ከሚፍጨረጨሩት አልበለጠም፤ ከባድ የጤና ችግር ግን በዝቶባቸው ተገኘ።

ይህ ማለት ከተማ ሥራ የለም ማለት አይደለም። ግሩም አበበና ባልደረቦቹ በአዲስ አበባ ያደረጉት ሌላ ጥናት ተስፋ የሚሰጥ ነገር አሳይቷል። ሥራ ፈላጊ ወጣቶች የማመልከቻ አጻጻፍና የቃለ መጠይቅ ሥልጠና ወሰዱ፤ ችሎታቸውም ተፈትኖ ማስረጃ ተሰጣቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ገቢያቸው ሥልጠናውን ካላገኙት አንድ አምስተኛ ያህል በልጦ ተገኘ። ስለዚህ ከመንገዱ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። የሙያ ብቃት ምዘና ወስዶ ማስረጃ መያዝ፣ የትምህርት ማስረጃን ኮፒ አድርጎ ማረጋገጥ፣ ቀድሞ የሠሩበትን ቦታ የሚመሰክር ደብዳቤ ማጻፍ ይቻላል። ቀጣሪው ገሰራን ላያውቅ ይችላል፤ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ግን ያውቃል።

ተረት 2፦ "ደመወዙ ከፍ ካለ ኑሮውም ከፍ ይላል"

እውነታው፦ መታየት ያለበት የሚከፈለው ሳይሆን የሚተርፈው ነው። በኢትዮጵያ የግል ድርጅት ሠራተኛን በሙሉ የሚሸፍን ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሥራ ላይ ስለሌለ ሂሳቡን ራስ ማስላት ግድ ይላል።

እስቲ ለምሳሌ እንሥራው። አዲስ አበባ ላይ 7,000 ብር ደመወዝ ተገኘ እንበል። ክፍል ለሁለት ተከራይቶ ድርሻው 2,500 ብር ቢሆን፣ ታክሲ በቀን 50 ብር ለ26 የሥራ ቀን 1,300 ብር ይሆናል። ምግብ በቀን 120 ብር ቢታሰብ የወሩ 3,600 ብር ነው። ድምሩ 7,400 ብር ይመጣል፤ ልብስ፣ ሕክምናና የስልክ ካርድ ሳይነሳ 400 ብር ጎደለ ማለት ነው። ሮቤ ላይ 4,500 ብር የሚያገኝ፣ 1,200 ብር ተከራይቶ በእግሩ ሥራ የሚገባና በቀን 90 ብር የሚመገብ ሰው ግን በወሩ መጨረሻ 600 ብር ይተርፈዋል። አሃዞቹ ለስሌቱ ማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ እናንተ ደውላችሁ የጠየቃችሁትን የዛሬ ዋጋ አስገቡበት።

ኪራይን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው መብት አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል፤ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዋጁ በምትሄዱበት ከተማ ተግባራዊ መሆኑን ጠይቁ። የስድስት ወር በቅድሚያ አምጡ የሚል ደላላ ሲገጥማችሁ ለመከራከርም መነሻ ይሆናችኋል።

ተረት 3፦ "ከአገሩ የወጣ ሁሉ ይከስራል"

እውነታው፦ ይህም ልክ እንደ መጀመሪያው ተረት ያሳስታል። አላን ደ ብራው፣ ቫለሪ ሙለርና ጣሰው ወልደሃና ከኢትዮጵያ የገጠር ቤተሰቦች ወጥተው ሌላ ቦታ የሰፈሩ ሰዎችን ተከታትለው ኑሯቸውን ቤት ከቀሩት ዘመዶቻቸው ጋር አነጻጽረዋል። የሄዱት የሚበሉትና የሚጠቀሙት ከቀሩት በብዙ በልጦ ተገኝቷል፤ የምግባቸው ዓይነትም የተሻለ ነበር። ስለ ኑሯቸው ያላቸው እርካታ ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። ወደ ቤተሰብ የሚልኩት ገንዘብም አነስተኛ ነው።

ከዚህ ወላጅም ልጅም የሚማሩት አለ። ለራሱ ሕይወት የሚሄድ ሰው የመሻሻል ዕድል አለው። "በየወሩ ይልክልናል" ብሎ በሬ ሸጦ የሚልክ ቤተሰብ ግን ልጁ ላይ ከአቅሙ በላይ ጭኖበታል። የመጀመሪያው ዓመት ልጁ ራሱን የሚያቆምበት ዓመት ይሁን፤ ይህንንም ከመሄዱ በፊት ተቀምጦ መነጋገር ይገባል። የሚበላውን አጥቶ እንኳ "ደህና ነኝ እማ" እያለ በስልክ የሚዋሽ ልጅ የሚፈጠረው ይህ ንግግር ሳይደረግ ሲቀር ነው።

ተረት 4፦ "ከተማ ማለት አዲስ አበባ ነው"

እውነታው፦ ከተሞች ሲያድጉም ሲቀዘቅዙም የባሌ ሰው በዓይኑ አይቷል። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ጎባ ከ28 ሺህ በላይ፣ ሮቤ ደግሞ ከ21 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራቸው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ሮቤ ከ44 ሺህ አልፋ ጎባን በ12 ሺህ ገደማ በለጠች። ጎባ የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የዞኑ መቀመጫ ሮቤ ናት። መሥሪያ ቤት፣ ባንክና ነጋዴ ወደ ሮቤ ሲያመሩ ኑሮም አብሮ አመራ።

በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ ላይ ነው፤ ሪፈራል ሆስፒታሉ ጎባ ነው። የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል በአቅራቢያው አለ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከሁሉ በላይ ግን የአካባቢውን እርሻ ማየት ያስፈልጋል። የባሌ ደጋ በበልግም በመኸርም ያመርታል። ኮምባይነርና ትራክተር በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ማሳ ይወጣል፤ በየጊዜውም ይበላሻል። የሃይድሮሊክ መስመር የሚጠግን፣ መለዋወጫ የሚያቀርብ፣ ምርጥ ዘርና ኬሚካል አውቆ የሚሸጥ፣ እህል በጥራት ለይቶ የሚያከማች ሰው ከገሰራ እስከ ሮቤ ደንበኛ አያጣም። የቀን ሠራተኛውን ከማሳ ያስወጣው ማሽን ለባለሙያው እንጀራ ሆኗል።

ሮቤ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከገሰራ ሮቤ ግን ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። እናት ስትታመም መድረስ፣ በዘር ጊዜ ሁለት ቀን ማገዝ፣ ከእድሩ ሳይወጡ መቆየት በሂሳብ ውስጥ መግባት ያለባቸው ጥቅሞች ናቸው። ጉድለቱንም አለመደበቅ ያስፈልጋል። ከፍተኛ የልዩ ባለሙያ ሥራ፣ ትልልቅ ድርጅቶችና የውድድር ዕድል አዲስ አበባ ይበዛሉ። ሶፍትዌር የተማረ ልጅ ከኮምባይነር ጥገና ጋር ምን አገናኘው?

ተረት 5፦ "የአባቴ መሬት የት ይሄዳል?"

እውነታው፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥም ይደነግጋል። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ መብቱን የሚያጸናውም መጠቀምና መንከባከብ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 "የቤተሰብ አባል" ያለው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖረውንና መተዳደሪያውን የሚጋራውን ሰው ነበር፤ ከቤት ወጥቶ የሚኖር ልጅ ከዚህ ትርጉም ውጭ ሊሆን ይችል ነበር። በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቶበታል፤ ክልሉም የራሱ ሕግ አለው። ስለዚህ የሚሄድ ሰው በሚያከራየው መጠንና ዘመን፣ በውርስና በስጦታ ላይ ዛሬ የሚሠራውን ደንብ ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ይሂድ።

ሦስት ነገሮችን ግን ማንም ሳይፈጽም መንገድ መጀመር የለበትም። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ማውጣት፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ወይም ለተከራይ ሲሰጥ ውሉን በጽሑፍ አድርጎ ማስመዝገብ፣ ያገባ ከሆነም የሚስቱ ስም ደብተሩ ላይ መኖሩን ማረጋገጥ። የጋራ ይዞታ ደብተር በባልና ሚስት ስም እንዲዘጋጅ ሕጉ ያዛል። ባል ከተማ ሲሄድ መሬቱን ከወንድሞቹ ጋር እየተሟገተች የምትጠብቀው ሚስት መከታዋ ያ ስም ነው።

ተረት 6፦ "ፋይዳ ካለኝ በየትም ነዋሪ ነኝ"

እውነታው፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው ቦታ የመኖር መብት ሰጥቶታል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያም ማንነትን ያረጋግጣል፤ ለባንክና ለብዙ አገልግሎት ይጠቅማል፤ ሳይያዝ መሄድ አይገባም። የአንድ ከተማ ነዋሪ መሆንን የሚያሳየው ግን የነዋሪነት መታወቂያ ነው። እሱን ለማውጣት ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ይጠየቃል፤ አዲስ አበባ ደግሞ በመሸኛ የሚደረገውን ምዝገባ በተለያየ ጊዜ ገድባም አግዳም ታውቃለች።

የነዋሪነት ጉዳይ ከመኖሪያ ቤት ጋርም ይያያዛል። የኮንዶሚኒየም ተስፋ ይዞ የሚሄድ ሰው በአዲስ አበባ ለሕዝብ ክፍት የነበረው የመጨረሻው ሰፊ ምዝገባ በ2005 ዓ.ም. መደረጉን ይወቅ። የገሰራን መታወቂያ ቸኩሎ የሚመልስ ሰውም እዚያ ሳይሰጠው ቢቀር ከሁለት ያጣ ሊሆን ይችላል። መሸኛ ከማጻፍ በፊት ተቀባዩ ወረዳ ምዝገባ ላይ መሆኑን ማጣራት ይቅደም።

ተረት 7፦ "ደገኛ የትም ቢሄድ ይስማማዋል"

እውነታው፦ ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ ያደገ ሰው ከወባ ጋር አይተዋወቅም፤ ሰውነቱም አልለመዳትም። አዳማና ሐዋሳ ግን 1,700 ሜትር አካባቢ ናቸው። ወባ በብዛት የምትገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ ወደነዚህ ከተሞች ወይም ወደ ደሎ መና ቆላ የሚወርድ ሰው አጎበር ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ይጠቀም። ትኩሳት ከያዘው "ብርድ ነው" ብሎ ሳይተኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙን ይመርመር። ለሐኪሙም ከደጋ እንደመጣ ይንገረው።

ተረት 8፦ "የተመለሰ ሰው ተሸንፎ ነው"

እውነታው፦ ከሁሉም ተረት ብዙ ሰው የሚጎዳው ይህ ነው። ሰው ሥራው ካልሆነው፣ ከታመመ ወይም ሂሳቡ እንደማያወጣው ካየ መመለስ ጤናማ ውሳኔ ነው። የመንደሩን አፍ ፈርቶ በረንዳ የሚያድር፣ የማይከፈል ዕዳ ውስጥ የሚገባ ወይም ለሕገወጥ የስደት ደላላ ጆሮ የሚሰጥ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ መመለስ ያፈረ ነው። ተመላሹ ባዶ እጁን እንኳ ቢመጣ የገበያ ዋጋ፣ የሥራ ልምድና የሚያውቃቸው ሰዎች ይዞ መጥቷል፤ ለገሰራ የእህል ንግድ ይህ ራሱ ሀብት ነው።

ስለዚህ የሚሄድ ሰው ቢቻል መጀመሪያ ለሦስት ወር ሞክሮ ይወስን። የመመለሻ የትራንስፖርት ገንዘብ ለብቻው ያስቀምጥ፤ ለሌላ ነገር አይንካው። መሬቱንም፣ እድሩንም፣ መታወቂያውንም እርግጠኛ እስኪሆን አይልቀቅ። የገሰራ እናቶችና አባቶችም አንድ ነገር አድርጉ፦ ልጃችሁን ስትመርቁ "ካልሆነልህ ቤትህ ነው፤ ና" በሉት፤ ልጃገረዷንም እንዲሁ። ይህን ቃል ሰምቶ የሄደ ልጅ ችግሩን ሳይደብቅ ይነግራችኋል፤ በጊዜውም ትደርሱለታላችሁ።