ያገለገለ ካልቲቬተር ከመግዛት በፊት የትራክተሩን ጉልበትና የማሳውን አፈር ማመዛዘን

የመኸር እርሻ ዝግጅት በተቃረበ ቁጥር፣ የእርሻ መሬት ካላቸው ገዳማትና አድባራት እንዲሁም በየአካባቢው ከተደራጁ የገበሬ ማኅበራት ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ ያገለገለ ካልቲቬተር መግዛትን የሚመለከት ነው። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ «ይህን ያህል ተጠርቷል፤ ርካሽ ነው ወይ?» በሚል መልክ ይመጣል። እኛም መልሰን የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ መሣሪያው ስንት ጥርስ አለው? የሚጎትተው ትራክተር የስንት ፈረስ ጉልበት ነው? ማሳው ምን ዓይነት አፈር ነው? ከባሕር ጠለልስ ምን ያህል ከፍ ይላል? እነዚህ ሳይታወቁ ዋጋው ርካሽ ይሁን ውድ ማንም ሊናገር አይችልም።

በአርሲ ደጋ የሚገኝ አንድ ማኅበር 75 የፈረስ ጉልበት ላለው ትራክተሩ ባለ 9 ጥርስ ያገለገለ ካልቲቬተር ከአባላቱ መዋጮ ገዝቶ ነበር። የገዛውም ሰፊ በመሆኑ ሥራ ቶሎ ያልቃል በሚል ተስፋ ነው። መሣሪያው ማሳ ላይ በወረደ ጊዜ ግን የትራክተሩ የኋላ ጎማ መሽከርከር፣ ጭሱም መጥቆር ጀመረ። ሾፌሩ ትራክተሩን ላለማስጨነቅ ሲል መሣሪያውን በሃይድሮሊክ ጥቂት በጥቂት እያነሣው ሄዶ በመጨረሻ ጥርሶቹ የአፈሩን ገጽ ብቻ የሚጭሩ ሆኑ። ከላይ ሲያዩት የታረሰ ይመስላል፤ ከሥር ያለው አፈር ግን አልተነካም። ሰኔ እየቀረበ፣ ዝናቡም እየጠነከረ ሲሄድ ማኅበሩ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀን።

የሆነውን ለመረዳት የካልቲቬተርን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። ዲስክ ማረሻ አፈሩን ቆርጦ ይገለብጣል። ካልቲቬተር ግን አፈሩን ሳይገለብጥ ይሰነጥቀዋል፣ ያፈለፍለዋል። በዚህ ረገድ አባቶቻችን በሞፈርና በቀንበር ለሚጎትቱት ማረሻ የቀረበ ዘመድ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ልዩነቱ በቁጥር ነው፤ ባለ 9 ጥርስ ካልቲቬተር ማለት ዘጠኝ ማረሻ በአንድ ቀንበር መጥመድ ነው። ጥማድ በሬ ሳይደክም የሚጎትተውን የሚያውቅ ገበሬ ሁሉ ስሌቱን ለመከተል አይቸገርም።

በከባድ ጥቁር አፈር፣ ማለትም ዋልካ ወይም በአርሲና በባሌ ኮቲቻ በሚባለው ላይ፣ አንድ ጠንካራ ጥርስ 20 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ወደ 250 ኪሎ ግራም የሚደርስ ጉተታ ይጠይቃል። አሸዋማ በሆነ አፈር ላይ ይኸው ጥርስ 160 ኪሎ ግራም ገደማ ይበቃዋል። ጥልቀቱ በግማሽ ሲቀነስ ጉተታውም በግማሽ ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ በጥቁር አፈር ላይ 9 ጥርስ 2,250 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ጥማድ በሬ የሚጎትተው ወደ 100 ኪሎ ግራም ስለሆነ ይህ ከ20 ጥማድ በላይ ነው። ይህን ወደ ፈረስ ጉልበት ለመለወጥ ጉተታውን በኪሎ ግራም፣ ፍጥነቱን በሰዓት በኪሎ ሜትር አድርጎ ማባዛትና ለ270 ማካፈል ነው። 2,250 በ6 ሲባዛ፣ ለ270 ሲካፈል 50 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል።

«ታዲያ የእኛ ትራክተር 75 ነው፤ እንዴት ያቅተዋል?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ይነሣል። በትራክተሩ ኮፈን ላይ የተጻፈው የሞተሩ ጉልበት ነው። ከዚያ ላይ ማርሹ፣ ሃይድሮሊኩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በለሰለሰ አፈር ላይ የሚንሸራተተው ጎማ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። በታረሰ ማሳ ላይ እስከ መሣሪያው የሚደርሰው ከሞተሩ ጉልበት ከ55 እስከ 60 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ 50 የፈረስ ጉልበት ማሳ ላይ ለማግኘት ከ85 እስከ 90 የሆነ ሞተር ያስፈልጋል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። በደጋ አገራችን ግን ሻጩም ገዢውም የሚዘነጉት ሌላ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የአየሩ መሳሳት ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍታ ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከእርሷም በላይ የሚታረስ ማሳ ብዙ ነው። በ2,500 ሜትር ላይ ሩብ የሚጠጋ ጉልበት ሊቀንስ ይችላል። ለጥንቃቄም ያህል አንድ አምስተኛውን ብቻ ብንቀንስ እንኳ 75 የነበረው ሞተር 60 ይሆናል። ከእርሱ ማሳ ላይ የሚደርሰው ከ33 እስከ 36 ነው፤ የሚፈለገው ግን 50 ነበር። አዳማ ላይ በ1,600 ሜትር ገደማ ተሞክሮ «ይጎትታል» የተባለ ትራክተር ደጋ ሲወጣ የሚለግመውም ስለዚህ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር የሚያጣው እጅግ ያነሰ በመሆኑ በደጋ ለሚያርሱ ይመረጣል። በሌላ በኩል ያረጀ ሞተር የቀድሞ ጉልበቱ ስለማይኖረው ተጨማሪ ቅናሽ ሊታሰብለት ይገባል።

ለማኅበሩ የሰጠነው ምክር ገንዘብ የማያስወጣ ነበር። ከግራና ከቀኝ ጫፍ አንድ አንድ ጥርስ ተፈትቶ ይቀመጥ፣ መሣሪያው ባለ 7 ይሁን አልን። ሰባቱ ጥርሶች በ17 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 33 የፈረስ ጉልበት ይበቃቸዋል፤ ዘጠኙ በዚያው ጉልበት ከ13 ሳንቲ ሜትር አያልፉም። «ስፋቱ ሲቀንስ ጊዜ ይባክናል» የሚል ቅሬታ ተነሥቶ ነበርና አብረን አሰላነው። ጥርሶቹ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲደረደሩ ዘጠኙ በሰዓት 1.3 ሄክታር፣ ሰባቱ 1 ሄክታር ያርሳሉ። ለ40 ሄክታር ልዩነቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም የአንድ ቀን ሥራ ነው። አንድ ቀን አትርፎ መላውን ማሳ ጭሮ ከመተው አንድ ቀን ጨምሮ በደንብ ማረስ ይሻላል ብለው ተቀበሉን።

ተቃራኒውም ጥፋት እንዳለ ሊታወቅ ይገባል። ትልቅ ትራክተር ላይ የተቀጠለ ቀላል ካልቲቬተር ድንጋይ ሲመታ ሞተሩ አይቆምለትም፤ የሚጣመመው የመሣሪያው ፍሬም ነው። ብዙ አምራቾች መሣሪያው የሚችለውን ከፍተኛ የፈረስ ጉልበት በብረት ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉና ሰሌዳው ካለ ቀለሙን ጠርጎ ማንበብ ነው። የማያያዣውን ፒንም መለካት ያስፈልጋል። ከ20 እስከ 45 የፈረስ ጉልበት ላላቸው ትራክተሮች የተሠራው መደብ አንድ የታችኛው ፒን ውፍረት 22 ሚሊ ሜትር፣ እስከ 100 ለሚደርሱት የተሠራው መደብ ሁለት ደግሞ 28 ሚሊ ሜትር ነው። በሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ቀጭን ፒን አስገብቶ መሥራት ለጥቂት ቀን ይሠራ ይሆናል፤ ቀዳዳውን ግን ይበላዋል። መሣሪያው ሲነሣ የትራክተሩ ፊት የሚቀልል ከሆነም መሪው አይታዘዝም፣ በዳገት ላይም ለሕይወት ያሰጋል። ከትራክተሩና ከመሣሪያው ጠቅላላ ክብደት ቢያንስ አንድ አምስተኛው በፊት ጎማዎች ላይ ማረፍ አለበት፤ ካልሆነ የፊት ክብደት ይጨመር።

መሣሪያውን ለማየት ሲኬድ ሲባጎ፣ ሜትርና የብረት ብሩሽ ይያዝ። አዲስ ቀለም የተቀባ መሣሪያ ከዛገው ይልቅ ሊያጠራጥረን ይገባል፤ ቀለም ስንጥቅን ይሸፍናልና። ትራክተሩ በሚያያዝበት አካባቢና ጥርሶቹ በተሰቀሉባቸው ማዕዘኖች ላይ ቀለሙን በብሩሽ ፍቆ ስንጥቅ ወይም ተደጋጋሚ ብየዳ መኖሩን ማየት ነው። በሲባጎ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ሁለቱን አቅጣጫ ለክተን ርዝመታቸው ከተለያየ ፍሬሙ ተጣሟል። የተጣመመ ፍሬም ያለው ካልቲቬተር ትራክተሩን ወደ ጎን ይጎትታል፤ ለማቅናትም አስቸጋሪ ስለሆነ በእኛ አስተያየት በምንም ዋጋ አይገዛ።

ጥርሶቹ ላይ ያሉት ቡሎኖች የመሣሪያውን የኋላ ታሪክ ይናገራሉ። ጥርሱ ድንጋይ ሲመታ ቀድሞ እንዲቆረጥ ሆን ተብሎ የሚታሰር ቡሎን አለ፤ ይህ ቡሎን የሚሰበረው ፍሬሙን ለማዳን ነው። በቦታው ጠንካራ ቡሎን ወይም የፌሮ ቁራጭ ከተገኘ ያን ሁሉ ምት ሲቀበል የኖረው ፍሬሙ ነው ማለት ነው። ጥርሶቹ ባለ ሞላ ከሆኑ ሞላዎቹ እኩል መቆማቸው፣ የጥልቀት መቆጣጠሪያ ጎማ ካለም ኩሽኔታው አለመላወሱ ይታይ። በጥርሶቹ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ብረት ማለቁ ግን ሊያስደነግጥ አይገባም፤ እርሱ የሚለወጥ ነገር ነው። የአንዱ ዋጋ በጥርሶቹ ቁጥር ተባዝቶ በተጠራው ዋጋ ላይ ይደመር፤ እውነተኛው ዋጋ ያ ነው።

ከተቻለ ክፍያው ከመጠናቀቁ በፊት መሣሪያው በገዢው ትራክተርና በገዢው ማሳ ይሞከር። የኋላ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ተደርጎ መሣሪያው እንደተነሣ ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር ትራክተሩ የተጓዘው ርቀት ይለካ፤ ከዚያም ጥርሶቹ በሚፈለገው ጥልቀት ገብተው ሳለ በድጋሚ ይለካ። በመጀመሪያው 48 ሜትር፣ በሁለተኛው 42 ሜትር ከሆነ ጎማው የተንሸራተተው 12.5 በመቶ ነው። ከ10 እስከ 15 በመቶ ያለው መልካም ነው። ከ20 ካለፈ ናፍታውም ጎማውም በከንቱ እያለቀ ነውና ጥልቀቱ ወይም የጥርሱ ቁጥር ይቀነስ።

በመጨረሻም የሽያጭ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። መሣሪያው ከውጭ የገባ ከሆነ የዲክላራሲዮኑ ቅጂ ይያያዝበት፤ የጥርሶቹ ቁጥር፣ ፒኖቹ፣ አብረው የሚሰጡ መለዋወጫዎችም በዝርዝር ይጻፉ። ቀሪው ክፍያ የሚፈጸመው ከማሳው ሙከራ በኋላ እንደሆነ የሚገልጽ አንቀጽ ቢገባበት ሻጩ ሊያንገራግር ይችላል። እኛ እስካሁን ባየነው ግን መሣሪያውን የሚተማመንበት ሻጭ በዚህ ምክንያት ገበያውን አፍርሶ አያውቅም።