«ዴድ ኤንድ»፦ ወንዝ ዳር የሚያበቃ ጎዳና

«ዴድ ኤንድ» በ1937 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለእይታ የበቃ የወንጀል ድራማ ሲሆን፣ ስሙ ወዲያ ማዶ የማያሻግር፣ ጫፉ የተዘጋ መንገድ ማለት ነው። ታሪኩ የሚፈጸምበት የኒውዮርክ ጎዳናም ኢስት ሪቨር ከተባለው ወንዝ ደርሶ ያበቃል። መሠረቱ ሲድኒ ኪንግስሊ ጽፎት በ1935 በብሮድዌይ መድረክ የታየው ተውኔት ነው፤ ለፊልም ያሰናዳችው ሊሊያን ሄልማን፣ ያዘጋጀው ደግሞ ዊሊያም ዋይለር ነው።

በዚያን ዘመን በወንዙ ዳር ባለጸጎች የሚኖሩባቸው አዳዲስ ሕንፃዎች ቴነመንት ከሚባሉት፣ ብዙ ድሃ ቤተሰቦች ተፋፍገው ከሚከራዩዋቸው ያረጁ ቤቶች ጋር ጀርባ ለጀርባ ቆመው ነበር። በፊልሙ የባለጸጎቹ የፊት ለፊት መንገድ በጥገና ስለተዘጋ፣ በጓሮ በር እየወጡ በድሆቹ መካከል ለማለፍ ይገደዳሉ፤ ሁለቱን ዓለም ፊት ለፊት ለማገናኘት ከዚህ የቀለለና የበሰለ ብልሃት ማግኘት ያስቸግራል።

ወደዚህ ሰፈር ሃምፍሪ ቦጋርት የሚጫወተው ቤቢ ፌስ ማርቲን፣ ፖሊስ የሚያድነው ነፍሰ ገዳይ፣ ፊቱን በቀዶ ሕክምና አስለውጦ እናቱንና የልጅነት ፍቅረኛውን ሊያይ ይመለሳል። እናቱ በጥፊ ትቀበለዋለች። ፍቅረኛው ፍራንሲ ደግሞ ሊስማት ሲጠጋ ፊቷን ትመልስና ወደ ብርሃኑ ወጣ ብላ ራሷን ታሳየዋለች፤ በሽተኛና ሴተኛ አዳሪ መሆኗን ያን ጊዜ ይረዳል። የፊልሞችን ግብረ ገብ ይቆጣጠር የነበረው የሆሊውድ የሳንሱር ደንብ የበሽታውን ስም ማንሳት ስለማይፈቅድ፣ ትዕይንቱ ሁሉንም በፊትና በዝምታ ይናገራል። ፍራንሲን የምትጫወተው ክሌር ትሬቨር በፊልሙ ውስጥ የምትታየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሆኖ ሳለ በዚህ ሚና ለኦስካር መታጨቷ የሚገባት ነበር።

የፊልሙ እምብርት ግን ከብሮድዌይ መድረክ የመጡት፣ የሰፈሩን ልጆች የሚጫወቱት ወጣቶች ናቸው። ማርቲን ለሰፈር ጠብ የሚሆን ተንኮል ሲመክራቸው፣ አለቃቸው ቶሚ ያለ አስተማሪ የማይለመደውን መንገድ ይጀምራል፤ የአንድ ባለጸጋ ልጅ ሰዓት ይቀማሉ፣ ቶሚም የያዘውን የልጁን አባት በስለት ወግቶ ያመልጣል። ወንበዴው ማርቲን ትናንት እንደ ቶሚ ነበር፤ ፊልሙ ይህን በንግግር ሳይሰብክ ሁለቱን በአንድ ጎዳና ላይ በማቆም ብቻ ያስረዳል። በአንጻሩ ሥራ አጥ የሆነው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ዴቭና የቶሚ እህት ድሪና የሚኖራቸው ፍቅር የሳሳ ነው።

ዋይለር በእውነተኛው ሰፈር መቅረጽ ቢፈልግም፣ ፕሮዲውሰሩ ሳሙኤል ጎልድዊን ጎዳናው በስቱዲዮ ውስጥ እንዲገነባ አደረገ። ሪቻርድ ዴይ የሠራውን ያንን ጎዳና ግሬግ ቶላንድ፣ በኋላ «ሲቲዝን ኬን» የተባለውን ፊልም የቀረጸው ባለሙያ፣ በጥላ እየሸፈነ ቀርጾታል። ሰማዩ የጠበበበት ይህ የተዘጋ ሥፍራ፣ ሰው ሠራሽነቱ ቢታወቅም፣ መታፈኑን ያጎላዋል።

በፍጻሜው ዴቭ ማርቲንን ይገድላል፤ ለዚህ የተከፈለውን ወሮታም ለቶሚ ጠበቃ ለመቅጠር ያውለዋል። ልጆቹ ግን እዚያው ጎዳና ላይ ይቀራሉ።